የሟች ወገን መግባት ክልክል ነው

ባለፈው ሰሞን ጎረቤቴ ሰዓዳ እያለቀሰች መጣች። ባሏ ሹፌር ነው፤ ሰው ገጭቶ ደሴ ማረሚያ ቤት ከገባ ሰነባብቷል። ልትጠይቀው ብትሄድ ከበር መለሷት። ኒካቸው የታሰረው በሰፈር ሼህ ፊት ነው፤ ከማዘጋጃ ቤት የወጣ ወረቀት የላቸውም፤ መታወቂያዋ ላይም «ያላገባች» ይላል። «ጋሽ አሰፋ፣ ወላሂ ሁለት ልጅ ወልጄለት ሚስቱ አይደለሽም አሉኝ» አለችኝ። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሰፈሩ ጉዳይ አስፈጻሚ ሆኛለሁ፤ ሥራው ከፋብሪካው ይበዛል፣ ምስጋናው ግን ያው ነው። በማግስቱ አብሬያት ሄድኩ።

ኮምቦልቻና ደሴ ቅርብ ለቅርብ ናቸው፤ ግን ሁለት አገር ነው። እኛ ጋ፣ ኮምቦልቻ፣ በላብ የራሰ ሸሚዝ የሐረጎን አቀበት ወጥተን ስንጨርስ ብርድ ይገባበታል። የዚያን ቀን ጦሳ ተራራ ጉሙን ተከናንቦ ነበር። ሰዓዳ የምግቡን ዕቃ ጭኗ ላይ አቅፋ አንዴም መሬት ሳታስነካው ደረስን። በሩ አጠገብ የደንብ ሰሌዳ ተሰቅሏል። መነጽሬን አድርጌ አነበብኩላት። አባት፣ እናት፣ ሕጋዊ የትዳር ጓደኛ፣ ልጅ፣ እህትና ወንድም መጠየቅ ይችላሉ፤ መታወቂያ መያዝ ግዴታ ነው፤ ምግብ ያመጣ ሰው ጠባቂው ፊት ይቀምሳል። ሊያልቅ ሲል ደግሞ፣ ለታራሚዎች ደህንነት ሲባል የሟች ወገን መግባት ክልክል ነው ይላል። እዚያች መስመር ላይ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ። ሰዓዳ እሷን የሚከለክል ነገር ያገኘሁ መስሏት «ምን ይላል?» እያለች ክንዴን ትጎትታለች። ያንቺ አይደለም፣ የኔ ነው አልኳት። በእኛ ጊዜ የተጻፈ ሰሌዳ አልነበረም። ደንቡ ግን ነበር፤ በጠባቂው አፍ ውስጥ።

ያኔ ማረሚያ ቤት አይባልም፤ ወህኒ ነው። እኔ ጢሜ ገና ማቀምቀም የጀመረ ጎረምሳ ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜ ደምሴ ከኩታበር ቀድሞኝ ወርዶ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ክር ማጠንጠኛ ላይ ተቀጥሮ ነበርና እኔንም አስቀጠረኝ። በአንድ ክፍል ቤት፣ በአንድ ፍራሽ ላይ በፈረቃ እንተኛለን፤ እሱ ሲነሣ እኔ እገባለሁ። አብዛኛው ወዛደር እንደኛው ከገጠር የወረደ ነው። ሰው አገሩን በእግሩ ቢለቅም በሆዱ ይዞት ይመጣልና፣ የገና ዕለት ከፋብሪካው ወጥተን ቦርከና ዳር ያለው የታጨደ ማሳ ላይ ገና ልንጫወት ተሰበሰብን። የኩታበር ልጅ በአንድ ወገን፣ የገራዶ ልጅ በሌላው።

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል። ስድቡ የጨዋታው ቅመም ነው፤ ያልተሰደበ ሰው እንደ ተናቀ ይቆጥረዋል። አገር ቤት ግን ሜዳው ዳር ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ። ሥራቸው አንድ ነው። ፊቱ የጠቆረ ተጫዋች ሲያዩ ጠርተው ዱላውን ይቀበሉታል፤ ደሙ እስኪበርድ አጠገባቸው አስቀምጠው ጠላ ያጠጡታል። እኛ ዱላውንና ስድቡን ይዘን ወረድን፤ ሽማግሌዎቹን አገር ቤት ትተን መጣን። ሜዳው ዳር የነበረው የአረቄ ጠርሙስ ብቻ ነው።

የገራዶዎቹ አለቃ አበራ የሚባል ረዥም፣ ሳቂታ፣ ግጥም ከአፉ የማይጠፋ ልጅ ነበር። ሩሯን፣ ያቺን የገና ኳስ፣ በዱላው እየነዳ እንዲህ አለብን፦

ኩታበር ገብስ እንጂ ወንድ አያበቅል፣
ዱላ ያየ ለታ ጓዳ ገብቶ 'ሚውል።

ሳቅን፤ ደምሴም ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ የአበራ ዱላ ሩሯን ስቶ ደምሴን ቅልጥሙ ላይ አገኘው። አጎንብሶ እግሩን ይዞ ቀና ሲል ፊቱ የማውቀው ፊት አልነበረም። ዱላውን በሁለት እጁ አንሥቶ የአበራን ጆሮ ግንድ አለው። የደረቀ ቅል ሲሰነጠቅ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነው የተሰማው። አበራ አልወደቀም። ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ቁጭ አለ። ከጆሮው የወረደው ደም ገለባው ላይ ሲንጠባጠብ እያየ፣ «ተጫወቱ እንጂ፣ ምን ቆማችሁ» አለን። ጤና ጣቢያ ሳይደርስ ቃሬዛው ላይ ሞተ።

ገራዶዎቹ ፖሊስ እስኪደርስ ድረስ ደምሴን በየዱላቸው ቀጠቀጡት። እኔም ልገላግል ገብቼ ሁለት ጥርሴን ማሳው ላይ ትቼ መጣሁ። ደምሴ አንድም እጅ አልመለሰም። በግራ እጁ የተሰበረ ቀኝ ክንዱን ይዞ «ምን ነካኝ? አሰፋ፣ ምን ነካኝ?» ይለኝ ነበር። ፍርድ ቤት ሲጠይቀውም ከዚያ የተሻለ መልስ አላገኘም። ተፈረደበትና ደሴ ወህኒ ገባ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደመኛ ሆንን። ይህን ላልደረሰበት ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ደመኞች በአንድ መንገድ አይሄዱም፤ ከአንድ ምንጭ አይቀዱም፤ በአንድ ጣራ ሥር አይቀመጡም። ገዳዩ ከታሰረ ደግሞ ዓይን የሚያርፈው ወንድሙ ላይ ነው። ከፋብሪካ ስወጣ ግድግዳ ተደግፌ እሄዳለሁ፤ ስተኛ ፍራሹን በሩ ላይ አስጠጋለሁ። አባቴ ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ፣ ካህናት መስቀል ይዘው ቀድመውት፣ የአበራን እናት ለመለመን ገራዶ ሄደ። እማማ ጥሩነሽ ይባላሉ፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሁለት ወንድ ልጅ ያሳደጉ ሴት ናቸው። አንዱን ቀብረዋል። ሌላው፣ ሲሳይ፣ አጠገባቸው ቆሟል። አባቴን ድንጋዩን እንደ ተሸከመ ብዙ አቆሙት። በመጨረሻ ደሙ ይድረቅ፣ ደምሴን አጠባዋለሁ አሉ።

በእኛ አገር የሟች እናት ገዳዩን ማጥባት ትችላለች። በጡቷ ወይም በጣቷ ላይ ማር ትቀባና ያንን ይልሳል። የላሰ ልጇ ነው፤ የልጆቿ ወንድም ነው፤ የሚነካው ሰው የገዛ ወንድሙን እንደ ነካ ይቆጠራል። ሲሳይ ይህን ሲሰማ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሞ የተናገረውን አባቴ ነገረኝ።

«እናቴ ያጠባችውን አልነካም። እስክታጠባው ድረስ ግን የኔ ነው።»

እማማ ጥሩነሽ ማራቸውን ይዘው ወህኒው በር ላይ ቆሙ። ጠባቂው ምኑ ነዎት ሲላቸው የሟች እናት ነኝ አሉት። ሌላ ሰው ቢሆን አክስቱ ነኝ ብሎ ይሞክር ነበር፤ እሳቸው ግን ደም በውሸት አይደርቅም ብለው ነው። ጠባቂው ገፍቶ መለሳቸው። ሽማግሌ ቢላክ፣ ቄስ ቢላክ፣ የወህኒው አዛዥ የሟች ወገን አይገባም፤ ማሩ ውስጥ ምን እንዳለ በምን አውቃለሁ አለ። እንዲቀምሱት ቢባልም፣ ልጇ የሞተባት እናት መርዙን አብራ ብትበላስ ብሎ መለሰ። እውነቱን ለመናገር እኔም አዛዡ ብሆን ይህንኑ እል ነበር። ነገሩ ግን ተቆላለፈ፤ ለመግባት እናቱ መሆን አለባቸው፣ እናቱ ለመሆን ደግሞ መግባት አለባቸው።

አንድ እሁድ ለደምሴ ምሳ ይዤ ደሴ ወጣሁ። ሰኞ ገበያ የሚሉት ሰፈር በእሁዱም ሰው አያጣም፤ በጫማ ጠራጊና በሽንኩርት ነጋዴ መሐል እየተጋፋሁ ሳልፍ አንድ ሰው ከኋላ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። ዞር ስል ሲሳይ ነው። «ይቅርታ» አለኝ። እየቀለድኩ አይደለም፤ ይቅርታ ብሎኝ ጩቤውን ከጎድኔ በታች ሰካው። ሲያወጣው እጁን ያዝኩት፤ ክንዴን ቀደደውና ለቀቅኩት። ወደቅኩ። የምሳ ዕቃው ተከፍቶ ሽሮው ድንጋዩ ላይ ፈሰሰ፤ ደሜም ሄዶ ተቀላቀለው። ሴቶች ይጮኻሉ፤ ነጠላ የጠመጠመችልኝ አንዲት ነጋዴ ናት፣ መልኳን እንኳ አላየሁትም። ሲሳይ አልሮጠም። ጩቤውን መሬት ላይ አስቀምጦ አንድ የሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀመጠና፣ ለተሰበሰበው ሰው ፖሊስ ጥሩ አላቸው። ሰዉ አበደ እንዴ ይል ነበር።

ሐኪም ቤት ተኝቼ ሳለ እማማ ጥሩነሽ መጡ። አባቴ ከአልጋዬ አጠገብ ተነሥቶ ሊወጣ ሲል፣ ደመኛ ናቸውና፣ ተቀመጥ በሞቴ አሉት። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

«ልጄ አንተን አልፈለገም» አሉኝ። «ደምሴ ጋ በበሩ እንዳይገባ ከለከሉት። ሌላ በር ፈለገ። በሩ አንተ ነህ።»

ይቅርታው ያኔ ገባኝ፤ የወጋኝ ታስሮ ደምሴ ጋ ለመግባት ነው። ሲሳይ ጣቢያ ነው ያለው፤ የሐኪም ወረቀቱ ሲደርስና ሲከሰስ ወህኒ ይወርዳል። አባቴ ሄዶ ለአዛዡ ነገረው። አዛዡም የመኝታ ክፍላቸውን እለያለሁ፣ ግቢው ግን አንድ ነው አለ። ለእማማ ጥሩነሽ አንድ ነገር ብቻ ቀርቷቸው ነበር። ልጃቸው ሲታሰር እሳቸውም የታሳሪ እናት ሆኑ፤ ደንቡ አሁን ያስገባቸዋል። ደምሴን ወደ መጠየቂያው ሽቦ የሚያስጠራው ግን የራሱ ወገን ነው። አባቴ ይህን እንዳያደርግ መታወቂያው ጠፍቶበት ሌላ ከኩታበር እስኪመጣለት እየጠበቀ ነው። የቀረሁት እኔ ነኝ፤ ስፌቴ ገና ያልደረቀ።

ተናደድኩ። የሳቸው ልጅ ቀዶኝ፣ እኔን ደግሞ ተነሥና እርዳኝ ይሉኛል። ለልጅዎ ብዬ ከዚህ አልጋ አልወርድም አልኳቸው። ትልቅ ሰው ፊት እንደዚያ ጮኼ አላውቅም፤ ስጮኽ ደግሞ ጎኔ ሊቀደድ ደረሰ።

«ለኔ ልጅ አልልህም» አሉ። «ለእናትህ ልጅ ና።»

ሲሳይ ዓርብ ወደ ወህኒ መዛወሩ ተሰማ። እሁድ ጠዋት አባቴ ደግፎኝ እስከ በሩ ደረስኩ። ካፊያ ነበር፤ ሰልፉ በነጠላና በጃንጥላ ተሸፍኗል። እማማ ጥሩነሽ ከሴቶቹ ሰልፍ ፊት ናቸው። ጠባቂው አወቃቸውና ተመልሰው መጡ እንዴ አላቸው። የሲሳይ እናት ነኝ ብለው መታወቂያቸውን ሰጡት። ገልብጦ ገላልጦ አየው። ለልጃቸው ያመጡትን ዳቦ ቀመሱ፤ ከዳቦው ጋር የመጣውን ማር በጣታቸው ጠቅሰው ላሱ። አሳለፋቸው። እኔም የደምሴን እንጀራ ቀምሼ አለፍኩ። አባቴ ውጭ ቀረ።

የመጠየቂያው ቦታ በወገብ ቁመት ግንብና ከግንቡ በላይ በተወጠረ ሽቦ ለሁለት የተከፈለ ነው። ታሳሪ በዚያ በኩል፣ ጠያቂ በዚህ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚያወራ የራስህን ሰው ለመስማት ትጮኻለህ። ደምሴን አስጠራሁት። ያልተስተካከለ ክንዱን አቅፎ መጣ፤ ሁለት ቀን እንዳልተኛ ዓይኑ ይናገራል። ከአጠገቤ እማማ ጥሩነሽን ሲያይ ግንቡን ያዘ። ቶሎ በል፣ ጎንበስ በል፣ ሊያጠቡህ ነው አልኩት። እሱ ግን አያቸው እንጂ አልተንቀሳቀሰም። «እማማ፣ አይገባኝም» ይላል። ይገባዋል አይገባውም የምንከራከርበት ጊዜ አልነበረም፤ ሲሳይ ስሙ ተጠርቶ ግቢውን እያቋረጠ ነው።

እናቱ የማን ፊት እንደ ቆመች ሲያይ ሮጠ። ደምሴን ከኋላው አንገቱን አነቀውና ፊቱን ሽቦው ላይ ደፈቀው። የሽቦው ዓይን በጉንጩ ላይ ሲታተም፣ ከንፈሩ ተቀዶ ደሙ ወደኛ ሲፈናጠቅ አየሁ። ጣቶቼን አስገብቼ የሲሳይን እጅ ለመንቀል ሞከርኩ፤ ስፌቴ ተፈታ፣ ሙቅ ነገር ወደ ጭኔ ወረደ። ጠያቂው ሁሉ ጮኸ። ጠባቂዎቹ ከዚያ ጫፍ ዱላ መዘው እየሮጡ ነው፤ ግን ሰው መንገድ ዘግቶባቸዋል። የደምሴ ዓይን ወደ ላይ ተገለበጠ።

እማማ ጥሩነሽ ጣታቸውን ማሩ ውስጥ ነክረው በሽቦው ቀዳዳ አሳልፈው አፉ ውስጥ ከተቱት። በደምና በማር መሐል፣ እየታነቀ፣ ጠባ። ጉንጩ ሲሰረጎድ አይቻለሁ። አልጮኹም፤ ለልጃቸው ልክ ቤት ውስጥ እንደሚነግሩት አድርገው ተናገሩት።

«ሲሳይ፣ ጠብቷል። አሁን ያነቅከው ወንድምህን ነው።»

ሲሳይ እናቱን አያት። እጁ ግን ወዲያው አልለቀቀም፤ ያቺ ቅጽበት ከገና ዕለት ትረዝም ነበር። ከዚያ ለቀቀው። ደምሴ አየር ስቦ ሳይጨርስ፣ ሲሳይ ትከሻውን ይዞ ወደ ራሱ አዞረውና በቡጢ መንጋጋውን አለው። አጥንቱ ሲሰበር ተሰማ። ደምሴ ወደቀ። ሲሳይ ግንቡ ሥር ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ ተቀመጠና የአበራን ስም እየጠራ ማልቀስ ጀመረ። ጠባቂዎቹ ደርሰው ሁለቱንም እኩል ቀጠቀጧቸው። ሲሳይን ሲፈትሹ ከወገቡ ላይ ጫፉ ድንጋይ ላይ የተሳለ ማንኪያ አወጡ። እያለው አልተጠቀመበትም። እማማ ጥሩነሽ ያንን ማንኪያ ካዩ በኋላ ነው ተደግፈው የወጡት።

አዛዡ በሁከት አስነሺነት ለረዥም ጊዜ ከለከላቸው። ከዚያ በኋላ የሁለቱንም ምግብ በሩ ድረስ እያመጡ እኔ ነበርኩ የማስገባው። ለሲሳይ ምኑ ነህ ብሎ ጠባቂው ሲጠይቀኝ፣ የወጋኝ ወንድሜ ነው አልኩት። ጠባቂው የዚያን ቀን ከነበሩት አንዱ ነበርና ሳቅ እያለ ቅመስ አለኝ። ክልከላው ሲነሣም ራሳቸው መግባት ጀመሩ፤ ሲሳይ ተፈትቶ ከወጣ በኋላም ለደምሴ መጡለት። የደምሴ መንጋጋ በትክክል አልገጠመም፤ እስከ ዛሬ በአንድ ጎኑ ነው የሚያኝከው።

የሰዓዳ ነገር ቀለል ያለ ነው። የማረሚያ ቤቱ ሰዎች ኒካው ላይ የነበሩ ሁለት ምስክሮችና የሼሁ ወረቀት ጠየቁ፤ ወዲያ ወዲህ ብለን አገኘን፤ ባሏን አየችው። ስንመለስ ሚኒባሱ ሐረጎን ሲወርድ ይህን ሁሉ ነገርኳት። መስኮቱን ዘግታ እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ እኚያ እናት ግን ከልባቸው ይቅር ብለውት ነበር ወይ አለችኝ።

እኔም አንድ ጊዜ ጠይቄያቸው ነበር፤ ካረጁ በኋላ፣ ገራዶ ቤታቸው ደጅ ተቀምጠን ባቄላ እየፈለፈልን። «ይቅርታውን ለቄሶቹ ተውኩት» አሉኝ። «እኔ አንድ ልጅ ቀብሬያለሁ። የቀረኝ ነፍሰ ገዳይ እንዳይሆንብኝ ነው ያጠባሁት። ደምሴን ሳየው እስከ ዛሬ ሆዴ ይቆጣል።»

ለሰዓዳ እንዳሉት አድርጌ ነገርኳት። እኔ ወደ እስር ቤት በር ሰውን የሚወስደው ፍቅር ነው ብዬ አምን ነበር፤ በልጅነቴም፣ ያን ጧት ሰዓዳ ዕቃዋን አቅፋ ሳያትም። ብዙ ጊዜ ነውም። ግን የሚወዱትን ሰው ጠያቂዎች ዝናብ ሲያስቀራቸው፣ ዓመት በዓል ሲያስቀራቸው፣ ሲሰለቻቸው ሲቀሩ አይቻለሁ። እማማ ጥሩነሽ ደምሴን እስኪፈታ ድረስ እየጠሉት ጠየቁት፤ ከገቡበት ቀን ጀምሮ አንድም እሁድ ከበሩ አልቀሩም።